ሲወርድ ድንኳን የሚሆነው አልጋ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለዋኘው ፈንታ፤
ጁባ።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ ቦቴ ላይ ተቀምጦ መዋል ወገብን እንዴት እንደሚጎዳ ባለቤቴ እዩኤል ጋራዡ የሚመጡትን ሹፌሮች እያየ ይነግረኛል፤ በነገረኝ ቁጥር አንተ ትታወሰኛለህ። የጁባ ሙቀት ትንሽ ቀለል አለላችሁ? ምግቡስ ተስማማህ? አብሮህ የሚኖረው ሌንጂሳ እንዴት ነው፣ የተሰበረው እጁ ዳነለት? እኛ ከአባባ ጀምሮ እስከ ትንሿ ልጄ ብሩክታይት ድረስ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ሁላችንም ደህና ነን። የጎደለን አንተ ብቻ ነህ።

ባለፈው ስትደውል “እማማ ዛፍ ላይ አደረች የሚሉት እውነት ነው?” ብለህ ስትጮህ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ብደውል እምቢ አለኝ። ወሬውን ማን እንዳደረሰልህ አላውቅም፤ ከእኛ አምባ ጁባ ድረስ እንዲህ የሚፈጥን ምላስ መኖሩ ግን ገርሞኛል። ለማንኛውም እውነት ነው። እናታችን ዛፍ ላይ አድራለች። አላበደችም፣ ከቤት አልተባረረችም፣ ማንም አላስገደዳትም። በስልክ ልንገርህ ብል ግማሹን ብቻ ሰምተህ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ፈራሁና፣ ይኸው ዛሬ የስፌት ሱቄን ዘግቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ቀርከሃ የሚጭነው ሹፌር ደባልቄ አዲስ አበባ ወስዶ ወደ እናንተ ለሚበር ሰው እሰጥልሻለሁ ብሎኛል። ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ይደርስሃል፤ ጽሑፌን አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትፈታው።

አባባ በመስከረም በወባ እንደታመመ ታውቃለህ። ያልነገርንህ እንዴት እንደያዘው ነው። ዝናቡ ገና ሳያባራ ከጋሽ ባቢከር ጋር ከሆሞሻ ወዲያ ያሉትን ቀፎዎቻቸውን ሊያዩ ሄደው፣ እርጥብ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ ነበር የሚተኛው። ትንኙ ከላይ፣ ውሃው ከታች። ሲብስበት ጋሽ ባቢከር እንደ ምንም ደግፈው መኪና መንገድ አደረሱት። ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሙ “ከእንግዲህ ያለ አጎበር እንዳይተኙ” አለው። እማማ ደግሞ የሐኪሙን ቃል በራሷ መንገድ ተረጎመችው፤ “ከእንግዲህ ጫካ የለም፤ ቀፎው ይሸጥ” አለች። አንተም በስልክ ይሸጥ አልክ፤ እኔም አልኩ። ሁላችንም ፈርተን ነበር።

አባባ ምን ቢል ጥሩ ነው? “እሺ” አለ። በቃ፣ እሺ ብቻ። ያ አንዲት ዶሮ ስትሸጥ እንኳ ሳይከራከር የማያልፍ ሰው! ያኔ ነው የደነገጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንጎው ሥር ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ መቀመጥ ሆነ ሥራው። ምግብ ሲቀርብለት ቆንጠር አድርጎ ይመልሰዋል። ንብ አጠገቡ ስታልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያያትም። ከአሶሳ የማር ነጋዴ መጥቶ ሲያነጋግረው የጎረቤት ንብረት የሚሸጥ እንጂ የራሱ አይመስልም ነበር። ነጋዴውም በጥቅምት መጨረሻ መጥቼ እረከባለሁ ብሎ ሄደ።

በዚህ መሃል ጋሽ ባቢከር ሊጠይቁት ከሆሞሻ መጡ። አባባ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሲሰፍር ቀፎ መስቀልና ማር መቁረጥ ያስተማሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ከዚያም ወዲህ ቀፎውን አብረው እንደያዙ ታውቃለህ። አማርኛቸው እንደ ድሮው ነው፣ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርጋል። እማማ ፊት ለፊት ተቀምጠው “አሰለፈች፣ አንተ ስማኝ። ፈንታ ካልሄደ እኔም አልሄድም። ወላሂ አልሄድም። ንብ ሁለታችን ነው የሚያውቀው” አሏት። እማማም “ንቧ ሌላ ሰው ትልመድ፤ እኔ ሌላ ባል አልለምድም” ብላ መለሰችላቸው። ጋሽ ባቢከር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ቀሩ። አባባ ይህ ሁሉ ሲባል ከመሬት ዓይኑን አላነሳም።

ወደ ሱቄ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ሐኪሙ ጫካ አይሂዱ አላለም፤ ያለ አጎበር አይተኙ ነው ያለው። እንግዲያው አጎበሩ ራሱ ጫካ መሄድ አለበት ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የምትሠራ አንዲት የውጭ አገር ሴት ሁለት ዛፍ መሃል የሚታሰር፣ ሰውን እንደ አንቀልባ የሚያቅፍ ጨርቅ ተቀዶባት አምጥታ ሰፍቼላት ነበር፤ ሃሞክ ነው የምትለው። እሱ ትዝ አለኝ። ነገር ግን የእሷ አጎበርም ጣሪያም አልነበረውም፤ ደግሞ ዛፍ ከሌለ ምንም አይረባም። የአባባ ቀፎዎች በወንዙ በኩል ትላልቅ ዛፍ ውስጥ ናቸው፤ ማዶ ያሉት ግን ሣር ሜዳ ላይ፣ አንድ ዛፍ እዚህ አንድ ዛፍ እዚያ ተራርቆ፣ መሃሉ ቀጫጭን ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ላይ ሰው ብታንጠለጥል ጎንበስ ብሎ መሬት ያስቀምጥሃል። ስለዚህ ዛፍ ሲገኝ አልጋ፣ ዛፍ ሲጠፋ መሬት ላይ ድንኳን የሚሆን አንድ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ሁለት ዕቃ እንዳላሸክመው ገና ከበሽታ የተነሳ ሰው ነው።

መጀመሪያ ከእዩኤል ጋራዥ አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ አምጥቼ ሰፋሁ። ስጨርስ እኔው ራሴ ማንሳት አቃተኝ፤ ያንን ተውኩት። ቀጥሎ ለዝናብ ልብስ የሚሆን ስስ ጨርቅ ከሥር፣ ገላ የሚነካውን አቡጀዲ ከላይ አድርጌ ደረብኩት። በሁለቱ መሃል በአንድ ጎን ክፍት ተውኩለት፤ ደረቅ ሣር ሲጠቀጠቅበት ፍራሽ ይሆናል፣ መሬት ላይም ቢሆን ተንጠልጥሎም ጀርባ አይበርድም። ዙሪያውን አጎበር ሰፋሁበትና ለመግቢያ ረጅም ዚፕ አደረግሁለት። ከራስጌ እስከ ግርጌ ከላይ አንድ ገመድ ይወጠራል፤ አጎበሩ በእሱ ይያዛል፣ ጣሪያው በእሱ ላይ ይጣላል። ማሰሪያውን ያገኘው እዩኤል ነው፤ ከተጣሉ መኪናዎች የተፈታ የወንበር ቀበቶ! ሰፊ ስለሆነ የዛፍ ልጣጭ አይቆርጥም። “መኪና ሲጋጭ ሰው የሚይዝ ቀበቶ አባባን አይጥልም” አለኝ።

ጨርቁ እንዲዘረጋ ብዬ ራስጌውና ግርጌው ላይ የቀርከሃ ዘንግ አስገባሁበት። ሲያዩት የሆቴል አልጋ ነው የሚመስለው። እነአባባ ግቢ ማንጎውና አቮካዶው መሃል አሰርኩትና ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ወጣሁበት። ገና ጎኔን ሳሳርፍ ክልብስ ብሎ በደረቴ አፈሩ ላይ ዘረጋኝ። ብሩክታይት እያጨበጨበች “እማዬ፣ እንደገና ውደቂ!” አለች። ወንድሜ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። አባባ ነው። ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አፈሩን ሳላራግፍ፣ እዚያው እንደተዘረጋሁ ሳቁን ሰማሁት።

ከዚያ ተነስቶ መጣ። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ አየ። “ዘንጉ ነው የጣለሽ። ጠፍጣፋ ነገር ተንጠልጥሎ ይዋልላል፤ ጨርቁ ይጎድጉድና ሰውየው ውስጥ ይግባ” አለኝ። ዘንጎቹን አወጣ፣ ጨርቁን ጫፍና ጫፉ ላይ ሰብስቦ አሰረ፣ ገባበት። እቅፍ አደረገው። እኔም “መሬት ላይ ሲሆን ግን ያለ ዘንግ ጠቦ አጎበሩ ፊትህ ላይ ይወድቃል” አልኩት። ተያየን። ለሁለታችንም በአንድ አፍታ ነው የመጣልን፤ ዘንጉ መሬት ላይ ይግባ፣ ዛፍ ላይ ይውጣ! አባባ እዚያው ተንጠልጥሎ እግሩን እንደ ልጅ እያወዛወዘ “በይ መርፌሽን አምጪ” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንጎው ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ አሶሳ እየመጣ ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ አገኘዋለሁ። ካስማ ይጠርባል፣ ገመድ ይፈትላል፣ እኔ የሰፋሁትን ይተቻል፣ ምሳ ይበላል። ዝናብ ይችል እንደሆነ ለማየት ውስጡ አስተኝቼው ከላይ በጀሪካን ውሃ አፈሰስኩበት። ጣሪያው አንድ ጠብታ አላስገባም። ውሃው ግን በቀበቶው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ በራስጌው ሰተት ብሎ ገባ፤ አባባ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ራሰ። “ወባው ቢምረኝ ልጄ ልትጨርሰኝ ነው!” እያለ ዘሎ ወጣ። መላውን ያገኘሁት ዝናብ የዘነበ ዕለት የልብስ ማስጫዬን ሳይ ነው፤ በገመዱ ላይ የሚሄደው ውሃ የተንጠለጠለ ጨርቅ ጋ ሲደርስ ወደ ታች ይወርዳል። ቀበቶው አልጋው ጋ ሳይደርስ ቁራጭ ጨርቅ አሰርኩበት፤ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አያልፍም።

እማማ ይህን ሁሉ ከዳር ሆና ስታይ ከረመች። አንድ ቀን ማታ ግን ራት ከተበላ በኋላ “ጨረሳችሁ?” አለች። ጨረስን አልናት። “እንግዲያው መጀመሪያ የምተኛበት እኔ ነኝ። ሳልርስ፣ ሳልነከስ ከነጋልኝ ይሂድ። አለበለዚያ ነጋዴው መጥቶ ይረከብ” አለች። እኔም ጓሮ እንሰርልሽ ስላት “ጓሮማ ማን ያቅተዋል? እሱ የሚተኛበት ቦታ ውሰዱኝ” አለች። የአባባ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ንብ ስለምትፈራ በዚህ ሁሉ ዘመን ቀፎዎቹ ያሉበት ደርሳ አታውቅማ!

በጥቅምት አጋማሽ ሄድን። እስከ ሆሞሻ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ጋሽ ባቢከር መንገድ ላይ ቆመው ሲጠብቁን እማማን ሲያዩ “ያ ሰላም! አሰለፈች መጣ!” ብለው ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። በወንዙ በኩል፣ የንቦቹ ድምፅ በሚሰማበት ቦታ፣ አባባ ሁለት ጥሩ ዛፍ መረጠና አሰረው። እማማ ነጠላዋን አጣፍታ ዙሪያውን ዞረች፣ ቀበቶውን ጎተተች፣ አጎበሩ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ በጣቷ ፈተሸች። “መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ከዚያ ጋደም፣ እግርሽን በመጨረሻ” እያለ አባባ ክንዷን ይዞ አስገባት። እግሯን ስታነሳ በስመ አብ አለች። አልጋው ወዝወዝ አደረጋትና ጸጥ አለ። ዚፑን ራሷ ሳበችው።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሰማዩ ተደፋ። ያ የጥቅምት ዝናብ፣ ሊሄድ ሲል ያለውን ሁሉ የሚያራግፈው። እኛ ሦስታችን የጋሽ ባቢከር የቀርከሃ ጎጆ ውስጥ ገባን፤ ጎጆዋም ታፈስ ነበር። አባባ በሩ ላይ ቆሞ “አሰለፈች! ደህና ነሽ?” አለ። መልስ የለም። ደግሞ ጮክ አለ። መልስ የለም። “አሱዬ! አሱዬ!” አለ። እንዲህ ሲጠራት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ባቢከር “ዝናብ ነው፣ አይሰማም፣ ተቀመጥ” ቢሉትም ምንም ሳይለብስ ሮጦ ወጣ። ጣሪያውን ገለጥ አድርጎ አየና ቁና ቁና እየተነፈሰ ተመለሰ። “ተኝታለች” አለ፤ ደስ ያለውም ቅር ያለውም ይመስል ነበር።

ጠዋት ዚፑ ተከፈተና ወረደች። አባባ አቡጀዲውን በመዳፉ ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ቀሚሷ ደረቅ፣ ነጠላዋ ደረቅ። እኛ ሦስታችን ነበርን የራስነው። ወንዝ ልንታጠብ ስንወርድ ለብቻዬ ምን አለችኝ መሰለህ? “እንቅልፍስ አልወሰደኝም ነበር። ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ። አሱዬ ካለኝ ስንት ዘመኑ? ደግሞ ይጥራኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።” ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ምንም እንዳልተናገረች ሰው ወጣች።

በዚያው ቀን ወደ ማዶው ሣር ሜዳ ተሻገርን። ቀርከሃ ቆርጠን ራስጌና ግርጌ ተከልን፣ ዘንጎቹን አስገባን፣ ዙሪያውን በካስማ ወጠርን፤ አልጋው ድንኳን ሆነ። እማማ ገና እንደገባች ነፋስ መጣና በእርጥቡ አፈር ላይ የተተከለው አንደኛው ካስማ ተነቀለ፤ ጣሪያው ላይዋ ላይ ተኛ። ልናወጣት ስንሮጥ ከውስጥ ሳቋን ሰማን። ካስማውን ሰያፍ ተክለን ድንጋይ ጫንንበት፣ ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም። ጠዋት ስንነሳ ደግሞ ጉንዳን ከጫካው ወጥቶ ሜዳውን ጥቁር ክር አስመስሎት ያልፋል። እኛ ሱሪያችንንና ቀሚሳችንን እያራገፍን ስንዘል፣ እሷ ዚፗን ዘግታ፣ በክርኗ ተደግፋ፣ አጎበሩ ላይ የሚወጣውን ጉንዳን እንደ ቴሌቪዥን ታያለች። “አትቸኩሉ፣ እኔ ተመችቶኛል” ትለናለች። ጋሽ ባቢከር እግራቸውን እያከኩ “ይኸው አሰለፈች ንጉሥ ሆነ፣ እኛ ጉንዳን በላን!” ሲሉ እኔ መቆም አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

ጉንዳኑ አልፎ ስትወጣ አባባ ፊቷ ቆሞ ጠበቀ። የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለችና “ለመሆኑ የማር ቆረጣው መቼ ነው?” አለችው። አባባ ዞር ብሎ ምንም ያልሆነውን ካስማ ማጥበቅ ጀመረ። ወንድሜ፣ አባታችን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ነጋዴው በቀጠሮው ሲመጣ በር ላይ የተቀበለችው እማማ ናት። ቀፎ የሚሸጥ የለም፣ ማር ግን ካስፈለገህ ተመለስ አለችው። ሰውየውም ደግ ነው፣ ስቆ ሄደ። በኅዳር አባባና ጋሽ ባቢከር ሣሩ ደርቆ እሳት ሳይነሳ የቀፎ ዛፎቹን ዙሪያ ለመመንጠር ጫካ ሰነበቱ። እሳቱም አልቀረም፣ ከማዶ መጣ፤ የመነጠሩት ድረስ መጥቶ ቆመ። አባባ ወባ አልያዘውም፣ አላሳለውም። ለቆረጣው እማማ አብራ ሄደች። ከንቦቹ ርቃ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነው የቆመችው፤ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ አባባ በቅጠል አድርጎ ለእሷ አመጣላት። ዘንድሮ ማሩ ነጭና ወፍራም ነው።

አሁን ሥራ በዝቶልኛል። ጋሽ ባቢከር የራሳቸውን አሰፍተዋል፤ ለመቁጠሪያቸው በራስጌው በኩል ኪስ አስደርገዋል። የከብት ክትባት የሚሰጡ ሁለት ልጆችም ሰምተው መጥተው አሰፉ። እንግዲህ ጥቅሉን ፍታው፤ ያንተ ነው። ቁመትህን እዩኤል በግምት ነግሮኝ ትንሽ ጨመር አድርጌበታለሁ። በሙቀቱ ጊዜ አንዱን ጫፍ ቦቴው ላይ፣ አንዱን ዛፍ ላይ እሰረው፤ ቦቴውን ግን ሳትፈታ እንዳትነዳ! ስትንጠለጠል ዘንጉን አውጣ፣ እንደኔ በደረትህ እንዳትወድቅ። ዛፍ ካጣህ ዘንጉን አስገብተህ መሬት ላይ ወጥረው። ቁራጮቹን ጨርቆች ለጌጥ መስለውህ እንዳትቆርጣቸው። በመሃሉ የጠቀለልኩትን የማር ጠርሙስ ቀስ ብለህ አውጣ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ባለፈው ሳምንት እማማ ሱቅ መጥታ ደንበኞቼ እስኪወጡ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ብቻችንን ስንቀር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ያ አልጋ ሁለት ሰው አይችልም?” አለችኝ። ቀበቶው ይችላል፣ ጨርቁን ሰፋ ማድረግ ብቻ ነው አልኳት። “ለማን ነው?” ስላት “ለማንም አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ነው” አለች። አባባ ደጁ ላይ ካስማ እየጠረበ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ምሳሩን አስቀምጦ ገበያ ወጣ። ሲመለስ ለሁለት ሰው የሚበቃ አቡጀዲ ተሸክሟል። አሁን ይህን ስጽፍልህ የስፌት መኪናዬ ላይ ነው፤ ግማሹ ተሰፍቷል። እማማ ለዋኘው እንዳትጽፊ ብላ አስምላኛለች፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ምንም አላነበብክም።

አባባ “ወገብህን ጠብቅ፣ በጊዜ ተኛ” ይልሃል፤ ግንባርህን ይስምሃል። እማማ በደህና እንዲያገናኘን ቀን በቀን እጸልያለሁ በይልኝ፣ ስትመጣም ጫካ ወስጄ አሳይሃለሁ በይልኝ ብላለች። እዩኤል ስለ ቦቴህ ፍሬን አደራ ይልሃል። ብሩክታይት አንተን በሥዕል ሠርታሃለች፤ ጢምህን አረንጓዴ አድርጋዋለች፣ አትቀየማት። ጋሽ ባቢከር “ለዋኘው ሰላም በል፣ ማር ተቀምጦለታል” ብለዋል። ለሌንጂሳም ከሁላችን ሰላምታ አድርስልን፣ ከማሩም አቅምሰው።

የምትወድህ እህትህ
ስርጉት ፈንታ
አሶሳ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.